እናቴ ከግቢው የወጣችበት ሰሞን

የልጅሽን ሻሽ ገለጥ ስታደርጊልኝ ቅቤው ሸተተኝ። ለጋ ነው፤ የጨፋ ከብት ቅቤ፣ ገና ሣር ሣር የሚለው። አብሽሪ፣ አልቆጣሽም። ልጅቷን እዚያ ጥላው ጋ፣ የጨርቅ ጣቃው ላይ አስቀምጫትና አንቺም አረፍ በይ። «ገበያው ውስጥ ሻሽ የምትሸጠዋ ጋ ሂጂ፣ እሷ ታውቀዋለች» ብለው እንደላኩሽ ገና ከበሩ ስትገቢ ገብቶኛል። ከአንቺ በፊትም የመጡ አሉ። የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ጭንቅላቷን አያቃጥልባትም ወይ? አያቃጥልም። ይኸው፣ መለስኩልሽ። ግን ይህን ብቻ ሰምታ ተነሥታ የሄደች እናት እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔም መናገሩ ይታክተኛል እንጂ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ያኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ፤ እህቴ ገና የአምስተኛ ክፍል ልጅ። ቤታችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው በኩል፣ ጨፋ ላይ ነበር። ከፊት ማሽላችን፣ ከኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ድምፅ። እህቴ ወሬኛ ነበረች። አፏ አይዘጋም፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ የጀመረችውን ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች። ባጃጅ ላይ ከተሳፈርን ነጂውን ስንት ልጅ አለህ፣ ሚስትህ የየት አገር ናት እያለች ታደርቀዋለች። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። የውሎዋን አንድ በአንድ ሳትነግረኝ አታስተኛኝም። ጠዋት ፈተና እንዳለብኝ እያወቀች እንኳ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች፤ «ሰማሽኝ?» ትላለች።

መጀመሪያ የተለወጠው ሳቋ ነው። ማንም ሳይናገር ትስቃለች፤ ደግሞ ድንገት አቋርጣ፣ ሰው እንደገሠጻት ሁሉ አንገቷን ትደፋለች። ከወንዙ በኩል የሚጠራኝ አለ ትለናለች። ማነው ስንላት፣ ስሜን እንዳትናገሪ ብሎኛል ትላለች። መጽሐፏ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አፈጠጡብኝ ብላ ዓይናቸውን በእሾህ ወጋጋችው። መምህሯ አባቴን አስጠርቶ ይህንኑ ሲያሳየው አባቴ ልጅነት ነው አለ። እኛም ልጅነት ነው አልን። ሌላ ምን እንበል? ያንቺስ እንዲህ አልጀመራትም?

ከዚያ ዝም አለች። አንድ ቀን እናቴ ውኃ እንድትቀዳ ጆግ አስይዛ ላከቻት፤ ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ እዚያው ቆማ አገኘኋት፣ ጆጉ በእጇ። ፀሐዩ ከጀርባዋ ዞሮ ፊቷ ላይ ሲያርፍ እንኳ ዓይኗን አልጨፈነችም። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፤ አትጠርገውም። ጆጉን ከእጇ ሳወጣው ጣቶቿ ጆግ እንደያዙ ቀሩ። ክንዷን ወደ ላይ ብናነሳው እዚያው አየር ላይ ይቀራል፤ ካላወረድንላት አይወርድም። እናቴ አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባቻት። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ፈርቼ ነበር።

ዱአ ተደረገላት። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ጫቱ ቀረበ፣ ትልልቆቹ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉላት። ዱአውን የሚመሩት ሽማግሌ እናቴን ወደ ጎን ጠርተው ሐኪምም የአላህ ሰበብ ነው፣ ልጅቷን ውሰዷት አሏት። ይህን የምነግርሽ ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹ ከለከሏችሁ ወይ እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። አልከለከሉንም፤ እንዲያውም መጀመሪያ የላኩን እሳቸው ናቸው። ከሚሴ አሳየናት፣ ደሴ አሳየናት። ክኒን ሰጧት፣ መርፌ ሰጧት። መድኃኒቱ ምኗንም አላንቀሳቀሰውም።

የባሰው ግን መብላት ማቆሟ ነው። እናቴ ገንፎ በቅቤና በማር ሠርታ፣ ጉንጯን ጫን አድርጋ ታጎርሳታለች፤ ገንፎው አፏ ውስጥ ይቆይና በከንፈሯ ጥግ ይወጣል። ወተትም እንዲሁ። እጇ የማገዶ እንጨት አከለ። ያን የሚያህል ልጅ እናቴ እንደ ጡት ልጅ አዝላ አስፋልት ድረስ ታደርሳት ነበር፤ የሚከብዳት እንኳ አትመስልም። ይህ ነበር ጭንቃችን፤ ድምፅ መስማቷን፣ ዝምታዋን ሁሉ ትተነው ነበር። ካልበላች ትሞታለች።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አባቴ ቀረ፤ ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ የሚጠበቅበት ሰሞን ነበር። እናቴ፣ እኔና እህቴ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። እህቴን መሀል አስቀመጥናት። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት ነበር፤ ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ በመስኮቱ ገባ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ፈለገ። እናቴ የራሷን ነጠላ አውልቃ እህቴ ላይ ደረበችባት፤ ብርዱ ያንቀጠቀጣት እሷን ነው። እኔ መንገዱን ሙሉ የእህቴን እጅ ይዤ ነበር። ጨበጥ ብታደርገኝ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አልጨበጠችኝም።

የአእምሮ ሆስፒታሉ ግቢ ጥድ የበዛበት ነው። አስታማሚው ሁሉ ልብሱን አጥሩ ላይ ያሰጣል፣ እህል ውኃ የሚያቀርቡ ሴቶች በር ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ድምፁም ዝግ ያለ። ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ብዙ አይታይም አለን። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተው ይመግቧት ጀመር፣ መድኃኒቱንም ለወጡላት። ለውጥ የለም። ያኔ ነው ኤሌክትሪኩን ያነሣው። «በልጅ ላይ በቀላሉ የምናደርገው ነገር አይደለም» አለ፤ «ግን ይቺ ልጅ ጊዜ የላትም።»

እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስረዳን፤ አንቺንም ያስረዱሽ ይሆናል። በመርፌ ያስተኟታል፣ ጡንቻዋ እንዲላላ ይደረጋል። ከዚያ ግንባሯ ግራና ቀኝ፣ ከዓይኗ ጎን ባለው ቦታ ላይ አንድ ነገር ይለጠፍና ለጥቂት ሰከንድ ኤሌክትሪክ ያልፍባታል። አንጎሏ እንደሚጥል በሽታ ዓይነት ይንቀጠቀጥና ይረጋጋል። እሷ አታውቀውም። ስትነቃ ራሷን ያማታል፣ ግራ ይገባታል፤ ደግሞ የመርሳት ነገር አለ። እናቴ ምኑን ነው የምትረሳው ብላ ጠየቀችው። የታመመችበትን ጊዜ፣ ሕክምና ላይ ያለችበትንም ሰሞን ልትረሳ ትችላለች፣ የሚመለስም አለ አላት። እናቴ ትርሳው፣ ምን ደህና ነገር ኖሮት አለች።

ለአባቴ በስልክ ነገርነው፤ እሱ ግን አልተቀበለም። ለካ በሬው ትዝ ብሎት ነው። ክረምት ላይ የመብራት ሽቦ ተበጥሶ እርሻው ውስጥ ወድቆ፣ ጥሩ በሬያችን ረግጦት እዚያው እንደቆመ ነበር የወደቀው። አባቴና እናቴ ሮጠው ደርሰዋል፤ ቆዳው ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት አይተዋል። «ኤሌክትሪክ በሬውን ምን እንዳደረገው እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አባቴ። ሐኪሙ ስልኩን ተቀብሎ የሽቦውና የዚህ ልዩነት ምን እንደሆነ ሳይሰለች አስረዳው። አባቴ ትንሽ ቆይቶ፣ እናትየው እዚያ አለች፣ እሷ ካመነችበት እኔም አምኛለሁ አለ። እናቴ አምናለሁ አለች። ዋሽታለች አልልሽም፤ አእምሮዋ አምኖ ነበር።

የሚደረገውን ጥንቃቄ ነርሷ ነገረችን። ከመሸ በኋላ በቱቦም ሆነ በአፍ ምንም አይሰጣት፤ ጠጉሯ ተፈትቶ በሳሙና ይታጠብ፤ ቅባት የሚባል ነገር እንዳይነካት። ሹሩባዋን ፈታን። እናቴ ራሷ በሞቀ ውኃ ደጋግማ አጠበቻት፤ እኔ ውኃ አፈሳለሁ፣ እሷ ታሻለች። የታጠበ ጠጉሯ ተበታትኖ ፊቷን ሲሸፍናት በጣም ትንሽ ልጅ መሰለች። እናቴ ያን አይታ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ወደ ሕክምናው ክፍል ወሰደቻት። እኛ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና እህቴ ሳይነኳት ተመለሰች። ነርሷ እጇን ዘርግታ አሳየችን፤ ጣቶቿ ያብረቀርቃሉ። ግንባሯን በጥጥ ባብሰው ባብሰው ይንሸራተታል፣ የምንለጥፈው አልይዝ አለ፤ ምንድነው የቀባችኋት አለች። እኔ ምንም አልቀባናትም ልል አፌን ስከፍት ሽታው ደረሰኝ። የእኛ ቤት ሽታ ነው። እናቴ ከከሚሴ ስትነሣ በባዶ የፊት ቅባት ዕቃ ቅቤ ይዛ ነበር፤ እኔ ለገንፎ መስሎኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ልትሰግድ ስትነሣ፣ ከሶላቱ በፊት፣ የተኛችውን ልጅ ግንባርና መሀል አናቷን ቀብታታለች።

አንቺ ለምን እንደቀባች ታውቂዋለሽ። ራሱ የጋለ ሰው፣ ምች የመታው፣ ትኩሳት ያናወዘው፣ ሁሉም እኛ ዘንድ ምን ይደረግለታል? አናቱ ላይ ቅቤ ጣል ይደረግለታል፤ ያበርደዋል። እናቴ የበሬውን ቆዳ አይታለች። ልጇ ራስ ላይ እሳት ሊያልፍ ነው፤ ባዶ ራሷን ልትሰጣቸው አልቻለችም። ሐኪሙ ሲመጣ አልጮኸም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እናቴ፣ እኛ የምንሰጣት አያቃጥላትም፤ ቅቤው ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ቆዳዋ ላይ እኩል አያልፍም፣ ሊያቃጥላት የሚችለው እሱ ነው» አላት። እናቴ ደነገጠች። ዳግመኛ አልነካትም አለች። እህቴ ያን ቀን በከንቱ ባዶ ሆዷን ውላ እንደገና በቱቦ መገቧት፤ ደም ሥሯም እየጠፋ ነርሶቹን ያስቸግር ጀምሮ ነበር።

እንደገና አጠብናት። እንደገና ጠዋት ወሰዷት። እንደገና መለሷት። እኔ በዚህ ጊዜ በእናቴ ተናደድኩባት፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ዓይኗን ማየት አስጠላኝ። እሷ ግን ወላሂ ግንባሯን አልነካሁም ትላለች፤ እውነቷን ነበር። የቀባችው መሀል አናቷን ብቻ ነው፤ እነሱ ከሚለጥፉበት ቦታ አርቄ ጥቂት ባደርግላት ምን ይጎዳል ብላ። ሙቀቷ ግን ቅቤውን አቅልጦ በጠጉሯ ሥር ወደ ግንባሯ አወረደው። ነርሷ ሻሹን ስትገልጥ በጆሮዋ በኩል ቀጭን መስመር ሠርቶ ይወርድ ነበር። ሐኪሙ የእህቴን ክንድ በሁለት ጣቱ ዙሪያውን ለካው። ከዚያ ሁላችንም እየሰማን ለነርሷ ይቺ ልጅ እንዲህ ብዙ አትቆይም አላት።

እናቴ የቅቤውን ዕቃ ከጉያዋ አውጥታ ለሐኪሙ ሰጠችው። ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ እንግዲህ ይበቃል፣ ነገ እንቀጥላለን አለ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ተነሣሁ። እናቴ ግን አልተነሣችም። መዳፎቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ ታያቸዋለች።

«ይኼን ብትወስዱብኝ ሌላ እፈልጋለሁ» አለች፤ «መርካቶ ቅቤ ሞልቷል። እጄን አላምነውም። ሰው እያየኝ ቃል እገባለሁ፣ ሲነጋ ሳያት ደግሞ እጄ ይሄዳል። እኔን ከዚህ አውጡኝ። ከእሷ ጋር ይቺ ትደር።»

ይቺ ያለችው እኔን ነው። ሐኪሙ ቀን ቀን እየመጣሽ ልታያት ትችያለሽ አላት። እሷ አይሆንም አለች። ካየኋት እነካታለሁ፤ በልታ እስክትናገር ድረስ ዓይኔን አላሳርፍባትም፣ ልግባ ብልም እንዳያስገባኝ ለጥበቃው ንገሩት አለች። ራሷን ራሷ አስከለከለች። እስከዚያ ቀን ልጆቿን ለአንድ አዳር ለዘመድ ሰጥታ የማታውቅ ሴት ናት። እህቴን ጎንበስ ብላ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለቻት፤ እጆቿን ግን ከኋላዋ አጣምራ ይዛቸው ነበር። ከዚያ ወጣች። እህቴ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነበር።

እናቴ ማታ ማታ አንድ የአገራችን ሰው ቤት ታድራለች፤ ሲነጋ ከዋናው በር ማዶ፣ ሙዝና ብርቱካን ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ እህቴን አጥባትና አለብሳታለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ እጠብቃለሁ፣ ከክፍሉ ሲያወጧት ተቀብዬ እስክትነቃ አጠገቧ እሆናለሁ። ውስጡን አላየሁም፤ አላስገቡኝም። የማውቀው በሩን ነው፣ አረንጓዴ ቀለሙ እጀታው ጋ ተላልጧል። ውስጥ ጩኸት ይኖራል ብዬ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር፤ ምንም አይሰማም። አንድ ነገር ጠቅ የሚል ድምፅ፣ የሰዎች ዝቅ ያለ ወሬ፣ ከዚያ የአልጋው ጎማ። ትወጣለች፣ አፏ ገርበብ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው ተኝታ። ግንባሯን አየዋለሁ። ቁስል የለም፣ ጥቁር ምልክት የለም፤ የተለጠፈው ነገር የተወው እርጥበት ብቻ። ያን በዓይኔ ስላየሁ ነው አያቃጥልም የምልሽ።

በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ለውጥ አልነበረም። እየወጣሁ ለእናቴ ገና ነው እላታለሁ፤ እሷም ሄደሽ ከአጠገቧ ሁኚ ትለኛለች። አባቴ ይደውላል፣ ገና ነው እለዋለሁ። ማታ አልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ ስተኛ ወሬዋ ይናፍቀኝ ነበር። የማያልቀው ውሎዋ፣ የክርኗ ጉሽምታ። ብትነቃና እስኪነጋ ብታወራኝ አንድ የቁጣ ቃል አልናገራትም እላለሁ።

አንድ ጠዋት ከሕክምናው ወጥታ ተኝታለች፤ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ እያንቀላፋሁ ነው። አንድ ነገር ቀሚሴን ሳብ አደረገኝ። እጇ ነው። በራሷ ፈቃድ ተነሥቶ፣ በራሷ ፈቃድ የወረደ እጅ። ከንፈሯ ደርቋል። «ቢሻን» አለች፤ ውኃ ማለቷ ነው። ነርሷ ትንሽ አስጠብቃን በማንኪያ ሰጠቻት፣ ዋጠችው። ከሰዓት በኋላ የሙዝ ግማሽ ሰጠኋት። አኘከች፤ አየሽ፣ አኘከች። ጉንጯ ሲንቀሳቀስ፣ ጉሮሮዋ ሲወርድ እያየሁ ቆየሁና ወደ በሩ ሮጥኩ። እናቴ ስሮጥ አይታኝ ክፉ ነገር መስሏት ቆመች። በላች አልኳት። ምን በላች አለችኝ። ሙዝ አልኳት። እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ መንገደኛው በአጠገቧ እያለፈ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወረደች። ሙዝ ሻጯ ሴት ዕቃዋን ትታ ከመሬት አነሣቻት፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

እናቴ ግን አልገባችም። ሐኪሙ ሕክምናው እንዳይቋረጥ፣ ጥቂት ይቀራታል ብሎ ነበር፤ እሷም ያቺን ጥቂት ፈራቻት። በልታ እስክትናገር ብዬ ነበር፣ አሁን ግን እስኪያልቅ ይሁን አለች። በዚያ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው እህቴ ወደ ዓለም የተመለሰችው። ስትነቃ እኔን ታያለች፣ ነርሷን ታያለች፣ እናቴ የለችም። እማ የት አለች ትለኛለች። ውጭ አለች፣ ትመጣለች እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጠይቀኛለች፤ ሕክምናው ያስረሳት ስለነበር ለእሷ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። ማልቀሱ ግን እየጨመረ ሄደ። እናቴ በመጨረሻ የገባች ዕለት እህቴ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። እናቴ እጆቿን ዘርግታ መጣች። «የት ነበርሽ?» አለቻት እህቴ። እናቴ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። እህቴ ታቀፈች እንጂ አላቀፈቻትም።

ወደ አገራችን ተመለስን። ድናለች አልልሽም፤ ዛሬም መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ሁለት ጊዜም ተመልሶባት ሆስፒታል ተኝታለች። ግን ትበላለች፣ ትሠራለች። ከዚያ መጋረጃ በስተጀርባ የምትሰሚው የስፌት ማሽን የእሷ ነው፤ የምሸጠውን ሻሽ ሁሉ ዙሪያውን የምትዘመዝመው እሷ ናት። ወሬዋ እንደ ድሮው አይደለም። የታመመችበት ዓመት ግን አልተመለሰላትም። ጆጉን አታውቀውም፤ ዱአውን፣ ጣርማ በር ላይ የተደረበላትን ነጠላ፣ በእናቴ ጀርባ ታዝላ አስፋልት መውጣቷን አታውቅም። የቀራት ነጭ አልጋና የእናቴ አለመኖር ነው። ሐኪሙ የሚረሳውን ዘርዝሮ ነገረን፤ የማይረሳውን ግን ማን ይነግራል?

አድጋም እናታችን አፍራብኝ ነው ጥላኝ የሄደችው ትል ነበር። በኩርፊያ አይደለም፣ እንዲያው እንደሚታወቅ ነገር። እኔ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ቅቤውን፣ እጄን አላምነውም ያለችውን፣ በሩ ማዶ መቀመጧን። ታዳምጠኛለች፣ «እንዲያ ነው?» ትላለች፣ ስለ ጎረቤት ሴት እንደነገርኳት ዓይነት። ከዚያ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። የሰው ልጅ ያላየውን በወሬ እንዴት አድርጎ ይውደደው? እናቴን ታከብራት ነበር፤ ልብስ ትሰፋላት፣ ለዒድ እጇን ትስም ነበር። ሌላው ግን አልነበረም፤ ከእኔ ጋር የምታወራውን ያህል እንኳ ከእሷ ጋር አታወራም ነበር። አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ እስኪ አንቺ ራስሽ ንገሪያት እንጂ፣ ለምን ዝም ትያለሽ ብዬ እናቴን ተቆጣኋት። «ተያት» አለችኝ፤ «ያን ጊዜ ያ ረቢ ትብላልኝ እንጂ ትውደደኝ ብዬ አልለመንኩም።»

እናቴ አምና ታማ ተኛች። ሐኪም ቤት አልሄድም አለች፣ ጨፋ ያለው ቤቷ ውስጥ፣ ማሽላው በመስኮቱ እየታያት ቆየች። በመጨረሻው የሕይወቷ ሳምንት እህቴን ሱቁን ዘግተን ይዣት ሄድኩ። እህቴ በአክብሮት ተቀመጠች፣ እንደ እንግዳ፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ሰብስባ። አየሩ ሞቃት ነበር፤ ከውጭ ወፍ የሚያባርሩ ልጆች ጅራፍ ይሰማል። እናቴ ዓይኗን ገልጣ ብዙ አየቻት። የምትናገረው ያለ መስሎኝ እኔ ወደ ትራሷ ቀረብኩ።

«በልተሻል?» አለቻት።

«በልቻለሁ፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር ብዙም አልተነጋገረችም። እህቴና እኔ ወጥተን አጥሩ ሥር ቆምን። እህቴ የቀሚሷን አቧራ እያራገፈች፣ «እናታችን ግን ሁልጊዜ ይህን ብቻ ለምንድን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችኝ። ስንት ጊዜ እንደነገርኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ደክሞኝ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ አስቀመጥኳት፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።